ይህን ጠርሙስ የሚቀበል መስኮት የቱ ነው?

ይድረስ፦ በከተማችን የሚዋጠውንና የሚጠጣውን ለመቆጣጠር ለተቀመጣችሁ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ «ስብ ያቃጥላል» እየተባለ ድሬዳዋ ላይ ስለሚቸበቸበው ክኒን፣ ዱቄትና ሻይ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሙገሳ ይዤ አልመጣሁም፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

እኛ ማለዳ ማለዳ የምንራመድ ሴቶች ነን። በቁጥር 27 ነን፤ ጾም ሲገባ ትንሽ እንቀንሳለን፣ ከበዓል በኋላ ደግሞ በጸጸት እንበዛለን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ለገሃር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት እንገናኝና በቀዚራ ዛፎች ሥር ዞር ዞር ብለን ፀሐይዋ ሳትበረታ ወደየቤታችን እንገባለን። ከረፈደ በኋላ ድሬ ላይ መራመድ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። መካከላችን አስተማሪ አለች፣ ቀፊራ ሽንኩርት የምትሸጥ አለች፣ ልብስ ሰፊ አለች። ሀልዋ የምትሠራ የሐረር ሴትም አለችን፤ የቡድናችን ወዳጅም ጠላትም እሷ ናት። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። አስተባባሪ ያደረጉኝ የግፊት መለኪያዬን ይዤ ስለምመጣ ይመስለኛል።

ለዚህ ደብዳቤ ያበቃን ነገር ይሄ ነው። ባለፈው ጥር ሦስት ጠርሙስ ክኒንና አንድ ፓኮ «ማክሲያ ሻይ» በፌስታል ይዘን፣ 19 ሰው የፈረመበት ማመልከቻ አያይዘን አንዱ ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ጠርሙሱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «እናት፣ ይሄ መድኃኒት አይደለም እኮ፣ የምግብ ተጨማሪ ነው፤ እኛን አይመለከትም» አለን። ምግብ ይመለከተዋል ወደተባለው ክፍል ሄድን። እዚያ ያለችው ደግሞ ሳቋ መጣ። «ክኒን ምግብ ይባላል እንዴ? ክኒን መድኃኒት ነው።» ከዚያ ስለ ንግድ ፈቃድ ወደሚያውቁት ተላክን። የሱቁ ፈቃድ የመዋቢያ ዕቃ መሸጫ ነው ተባልን። የሚሸጠው ግን የሚቀባ ሳይሆን የሚዋጥ ነው ስንል «እሱን የጤና ሰዎች ናቸው የሚያውቁት» ተባለ። የጤና ሰዎቹ ደግሞ መጀመሪያ የሄድንባቸው ናቸው። በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ተመላልሰናል። ማመልከቻችን ላይ የገቢ ማኅተም እንኳ አላረፈበትም። ፌስታሉም እስከ ዛሬ እኔ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

የመሥሪያ ቤቱን ስም ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። ጉዳዩ የማን እንደሆነ እኛም ስላላወቅን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው የሁላችሁም ይሁን።

የመጀመሪያው ቅሬታችን በልብስ ሰፊዋ እህታችን ላይ የደረሰው ነው። ሳቢያን ነው የምትኖረው፣ 46 ዓመቷ ነው፣ የደም ግፊት ክኒን ትወስዳለች። ልጇን ልትድር ስትል ሰውነቷ አሳሰባት። (ድሮ «ወፈርሽ» ሲባል ምርቃት ነበር፤ አሁን ስድብ ሆኗል፣ መቼ እንደተገለበጠ እንጃ።) አንድ ሱቅ ገብታ ስትጠይቅ ሻጩ «በ30 ቀን 12 ኪሎ፤ ካልሠራ ብርሽን እመልሳለሁ» አላት። 2,800 ብር ከፈለች።

እስቲ የሻጩን ሒሳብ አብረን እንሥራው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ውስጥ 7,700 ካሎሪ ገደማ አለ። 12 ኪሎ ማለት 92,400 ካሎሪ ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 3,080። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጣ የምትውል ሴት በቀን በጠቅላላው 2,000 ገደማ ብታወጣ ነው። ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ እህል ሳትቀምስ፣ ውኃ ብቻ እየጠጣች ብትከርም እንኳ የሻጩ ሒሳብ አይሞላም። ይሄን ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም፣ የአምስተኛ ክፍል ማካፈል ይበቃል።

እህታችን ግን በሁለት ሳምንት 4 ኪሎ ወረደች። ሁላችንም ቀናን። እኔም፣ 31 ዓመት ነጭ ጋዋን የለበስኩት ሴትዮ፣ «ምንድን ነው የያዝሽው?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። አፏ ይደርቃል፣ እንቅልፍ የላትም፣ ምግብ ሲቀርብላት ያንገሸግሻታል፤ እሷ ግን ይሄን ሁሉ «እየሠራልኝ ነው» ብላ ነው የቆጠረችው። ከዚያ ለሰርጉ ዝግጅት የጎረቤት ሴቶች በርጫ ሲቀመጡ እሷም አብራ ቃመች። ማታ ልቧ አላስቀምጥ አላት። በባጃጅ ወስደናት ግፊቷ ሲለካ 210 በ120 ነበር። ሐኪሙ «ዛሬ የወሰድሽው መድኃኒት አለ?» ሲላት «ከግፊቴ ክኒን ሌላ ምንም» አለች። አልዋሸችም። ምግብ ነው ተብሎ ነው የተሸጠላት።

እንግዲህ «የምግብ ተጨማሪ ነው» የምትለዋ ቃል መስኮት ላይ ስትነገር ቀላል ትመስላለች። አልጋ ላይ ስትደርስ ግን እንዲህ ናት፤ ሐኪሙ ምን እያከመ እንዳለ ሳያውቅ ያክማል።

ተርፋለች። አራት ቀን ተኝታ ወጣች፣ ሰርጉም አማረ። የለበሰችው ድሪያ ነበር። ድሪያ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ሦስት ሰው ቢገባበትም አያሳብቅም። ለምን እንደዚያ እንደተጨነቀች እሷም አሁን ስታስበው ትስቃለች።

ሁለተኛው ጠርሙሱ ራሱ ነው። ፌስታሉ ውስጥ ካሉት አንዱ የእሷ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የእሳት ነበልባል አለ፣ ከነበልባሉ አጠገብ ወገቧ የጉንዳን የሚመስል ሴት ቆማለች። እንግሊዝኛ አለ፣ ዐረብኛ አለ። አማርኛ የለም፣ ኦሮምኛ የለም፣ ሶማሊኛ የለም። አስመጪው ማን እንደሆነ አልተጻፈም፣ የምዝገባ ቁጥር የለውም። ከሥር በደቃቃ ፊደል «ልዩ ቅልቅል፣ 1,150 ሚሊግራም» ይልና የዘጠኝ ነገሮች ስም ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ምን ያህል እንደገባ ግን የለም። የማብቂያ ቀኑ የታተመው ከላይ በተለጠፈች ነጭ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቷን በጥፍሬ ቀስ ብዬ ላጥኳት፤ ሙጫዋ ሙቀት ስለነካው ብዙም አልታገለችኝም። ከሥሯ ሌላ ቀን አለ። ያ ቀን እህታችን ከመግዛቷ 14 ወር በፊት አልፏል።

ሱቁንም ሄጄ አይቼዋለሁ። ጠርሙሶቹ መስታወት ውስጥ ከማንጫ ቅባት ጎን ተደርድረው ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ ይመታቸዋል፣ ያውም የድሬ ፀሐይ። ሻጩ ልጅ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለገዛ እናቱም እንደሰጣት ነገረኝ። ምን ምን እንዳለበት ስጠይቀው «ናቹራል ነው» አለኝ። አብሾም ናቹራል ነው አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሦስተኛው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። «ቆይ ግን፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የኔ መልስ አጭር ናት፦ ጉዳት የሌለው ጠርሙስ እምብዛም አይሠራም፣ የሚሠራው ጠርሙስ ደግሞ የሚሠራበትን ነገር አይነግራችሁም።

ጉዳት ከሌለው እንጀምር። አብዛኞቹ ውስጥ ዋናው ነገር ካፌይን ነው። ቡና ማለት ነው! ለእኛ ቡና በክኒን መሸጥ እኮ ለሐረር ሰው ጀበና እንደማስተዋወቅ ነው። 100 ሚሊግራም ካፌይን፣ አንድ ትልቅ ኩባያ ቡና ውስጥ የሚገኘው ያህል፣ ሰውነት ቁጭ ባለበት የሚያወጣውን ጉልበት ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ከ3 እስከ 4 በመቶ ከፍ ያደርጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 150 ካሎሪ የምታወጣ ሴት 6 ካሎሪ ጨመረች ማለት ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ አይሞላም። ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ ቢወስዱት ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ግን ያኔ እንቅልፍና ልብ ሒሳባቸውን ይጠይቃሉ። ኤል ካርኒቲን የሚባለውም አለ፤ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ካልወሰዱት ጋር ያለው ልዩነት አንድ ኪሎ ከምናምን ነው። ጋርሲኒያ ካምቦጂያ የሚባል የፍራፍሬ ልጣጭ ደግሞ ስሙ ገኖ ነበር። በ1998 (የምጠቅሳቸው የጥናትና የእገዳ ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው) 135 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት ተሞክሮ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ጋር ልዩነት አልታየም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል።

አሁን ወደሚሠራው። ኤፌድራ የሚባል ተክል ነበር፣ እሱም «ናቹራል»። ልብና ጭንቅላት ላይ ባደረሰው ጉዳት አሜሪካ በ2004 ከሰፕልመንት (ከምግብ ተጨማሪ) ውስጥ አስወጣችው። ሲቡትራሚን የሚባል እውነተኛ መድኃኒትም ነበር፣ በሐኪም የሚታዘዝ። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል። ልባቸው የሚያሰጋቸው ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ላይ ሲጠና የሚወስዱት ሰዎች ለስትሮክና ለከባድ የልብ አደጋ ያላቸው ተጋላጭነት 16 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በ2010 ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ ወጣ። ወጣ ስንል ግን ከፋርማሲ ነው የወጣው። ከ2007 እስከ 2016 ድረስ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ያልተገለጸ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው 776 ሰፕልመንቶችን ለይቷል። ከመካከላቸው 41 በመቶ ያህሉ የማክሲያ ነበሩ፤ በማክሲያዎቹ ውስጥ አብዝቶ የተገኘው ደግሞ ያው ሲቡትራሚን ነው። እንግዲህ ላቦራቶሪ በሞላበት አገር ይሄ ከሆነ ወረቀት በወረቀት ላይ የተለጠፈበት የኛ ጠርሙስስ? የእህታችንን ጠርሙስ እስከ ዛሬ የመረመረ የለም። ጥያቄያችን እሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ድሬዎች ይታዘቡኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው ኃይለኛ አነቃቂ ጋር ዝምድና ያለው ነገር ነው። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያፈጥናል። ማለትም ከተማችን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ሁሌም «ፋት በርነር» ትወስዳለች። ታዲያ የምግብ ፍላጎት መዝጋት ብቻውን ሰው የሚያቀጥን ቢሆን ኖሮ የመጋላ ወንዶች ቦርጭ ከየት መጣ? ከበርጫው ጋር ለስላሳው አለ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አለ፣ ማታ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ፈጢራና ፉል አለ። ሰውነት የተነፈገውን አይረሳም። አሳሳቢው ግን ሌላ ነው። እነዚህን ክኒኖች ከጫት ጋር መውሰድ አንድ ልብ ላይ ሁለት ሰው መጫን ነው። ይሄ ማስጠንቀቂያ አሜሪካ የታተመ ጠርሙስ ላይ አይጻፍም፤ የሚያሳስበን እኛን ብቻ ነውና። ታዲያ ማን ይጻፍልን?

አራተኛው የሽንኩርት ነጋዴዋ እህታችን ልጅ ነው። ባጃጅ ይነዳል፣ ጂም ይሠራል፣ 23 ዓመቱ ነው። የሚሠራበት ጂም ውስጥ ዱቄት ተሸጠለት። ዕቃው ላይ በአንድ ማንኪያ 300 ሚሊግራም ካፌይን ተብሎ ተጽፏል። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ድረስ ነው አብዛኛውን ጊዜ ችግር አያመጣም የሚባለው። ልጁ ሁለት ማንኪያ ወሰደ፣ ቶሎ እንዲሠራ። ላዩ ላይ ኃይል ሰጪ መጠጥ ጨመረበት። ወሩ ግንቦት ነው። ባጃጅ ተራ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ወደቀ፣ ጓደኞቹ ውኃ እያፈሰሱበት ጥላ ሥር አስገቡት። ጂም ቤቱ «እኛ አንብቦ ይውሰድ ነው ያልነው» አለ። እንግሊዝኛውን ማን ያንብብለት?

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ ነገር ልናገር፣ በተለይ ለጂም ልጆች። ስብ በእውነት የሚያቃጥል ነገር ከተባለ አንድ አለ፣ ዲኤንፒ ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ፈንጂ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች የተመረዙበት ቢጫ ኬሚካል ነው። በ1933 አሜሪካ ውስጥ ለማክሲያ መዋል ጀመረ፣ በ1938 ለሰው መሰጠቱ ቀረ፤ ኢንተርኔት ላይ ግን ዛሬም እየተሸጠ ሰው ይገድላል። አሠራሩን በባጃጅ ላስረዳ። ክላቹ የተበላ ባጃጅ አስቡ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ባጃጁ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ሞተሩ ብቻ ይግላል። ዲኤንፒም እንደዚያ ነው። የምንበላው ነገር ጉልበት መሆኑ ይቀርና ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሰውየው ከውስጥ ይነዳል። ማርከሻ የለውም። ሊቨርፑል ብርድ ላይ የሚገድል ነገር ድሬዳዋ ግንቦት ላይ ምን እንደሚያደርግ እናንተው ገምቱት።

አምስተኛው ሻዩ ነው፣ ይሄ አጭር ነው። «ማክሲያ» የተባለው ሻይ ፓኮው ላይ ሰና የሚል ቅጠል ተጽፏል። ሰና ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። አንዲት የምታጠባ እህታችን በሳምንት 3 ኪሎ ቀነሰችበት፤ ውኃ ነው የቀነሰችው፣ ስብ አይደለም። እግሯን ቁርጠት ያዛት፣ ጨው ጨው አላት፣ ሻዩን ስታቆም ኪሎው በአምስት ቀን ተመለሰ። ተቅማጥ በ400 ብር ገዛች ማለት ነው።

የኔንም ልናዘዝ፣ ሌላውን ብቻ ማማት አይሆንም። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ 9 ኪሎ ጨመርኩ። ቤት መዋል፣ ቡና ላይ ቆሎ፣ ቆሎ ላይ ቡና። የአረንጓዴ ሻይ ክኒን ገዛሁ፤ ሻይ ምን ያደርጋል ብዬ። ሁለት ወር ወስጄ 600 ግራም ቀነስኩ፣ ያም ሁዳዴ ስለነበር ይመስለኛል። ኋላ ነው ያነበብኩት፤ ፍሬ ነገሩ ኢጂሲጂ ይባላል፣ በክኒን መልክ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ የጉበት መጎዳትን የሚያሳዩ የደም ምርመራ ቁጥሮችን ከፍ እንደሚያደርግ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 አስታውቋል። በሲኒ የሚጠጣው ሻይ አይደለም ያስቸገረው፤ ተጨምቆ፣ ተወፍሮ በክኒን የመጣው ነው። ለሌላው «ሐኪም ሳታማክር» እያልኩ ያረጀሁት ሴት እኔው ነኝ እንዲህ ያደረግኩት። ታዲያ እኔ እንደዚህ ከሆንኩ ልብስ ሰፊዋ ምን ታድርግ?

አንዳንድ ሰው «አዋቂ ሰው ብሩን ከፍሎ የፈለገውን ቢውጥ ምን ቸገራችሁ?» ይለናል። ይዋጥ። ግን ምን እንደሚውጥ ይወቅ። ሰፕልመንት ሁሉ መርዝ ነው እያልኩም አይደለም፤ ለነፍሰ ጡሮች አይረንና ፎሊክ አሲድ ሳድል ነው የኖርኩት። ክብደት የሚቀንስ መድኃኒት የለም እያልኩም አይደለም። ኦርሊስታት አለ፣ ከምንበላው ቅባት ከ25 እስከ 30 በመቶ ያህሉን ሳይመጠጥ ያስወጣል፤ ቅባት የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ግን መጸዳጃ ቤት አጠገብ ይዋል። ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌም አለ። በጥናቱ ላይ በ68 ሳምንት ከክብደታቸው 15 በመቶ ያህል ቀንሰዋል፤ ሲያቆሙት ግን አብዛኛው ይመለሳል። ሁለቱም ስማቸው ይታወቃል፣ መጠናቸው ይታወቃል፣ ጉዳታቸው ይታወቃል፣ የሚያዝም የሚከታተልም ሰው አላቸው። ጠርሙሳችን ከእነዚህ አንዱም የለውም።

የምንራመደውም በከንቱ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ስኳር ሊይዛቸው በተቃረቡ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2002 የታተመ ጥናት አለ። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱ ተደርጎ በስኳር የመያዛቸው ነገር በ58 በመቶ ወረደ። 80 ኪሎ ላላት ሴት 5 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። 150 ደቂቃ ማለት ደግሞ በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን፣ ልክ እኛ የምናደርገው። ነበልባል የለበትም፣ 30 ቀን አይልም። ለዚህ ነው ቲክቶክ ላይ የማይሸጠው።

ወደ ጥያቄያችን ልምጣ።

በመጀመሪያ፣ ጠርሙሱ የማን እንደሆነ ተነጋግራችሁ በጽሑፍ አሳውቁን። ሕጉ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው የሚባለው። ርእሱ ላይ ሁለቱም ቃል አለ። ምግብ ነው ካላችሁም፣ መድኃኒት ነው ካላችሁም እዚያው ውስጥ ነው ያለው፤ «እኛን አይመለከትም» የሚለውን ከየት እንዳመጣችሁት ነው ያልገባን።

ከዚያ ሱቆቹንና ጂም ቤቶቹን እዩ። ሁሉንም ዝጉ አላልንም። የጂም ልጆቹም እንጀራቸው ነው፣ ያ ሻጭ ልጅም ለእናቱ ነው የሰጠው። ግን ናሙና ወስዳችሁ አስመርምሩ፣ በተለይ ሲቡትራሚን የሚባለውን። የምርመራውንም ውጤት ደብቃችሁ አታስቀምጡ፤ በሬዲዮም ይነገር፣ በየጤና ጣቢያው በር ላይም ይለጠፍ።

ጠርሙሱ ላይ የአስመጪው ስምና የምዝገባ ቁጥሩ ይኑር። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይጻፍ። ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ፣ እርግዝናና ማጥባት ይጠቀሱ፤ ከጫት ጋር አትውሰዱ የሚለው ደግሞ በትልቁ። ቀን ላይ ቀን የሚለጥፍ ሰው ይጠየቅ።

ጤና ተቋማት ላሉ የሙያ ጓደኞቼ ደግሞ አንድ መመሪያ ስጡልኝ። ግፊቱ ድንገት ያሻቀበ፣ ልቡ የሚመታበት፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲመጣ «መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ማክሲያ፣ ዱቄት፣ ሻይ ትወስዳለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። የተጎዳ ሰው ሲገኝም የሚመዘገብበት አንድ ደብተር ይኑር። ይሄ ብር አይጠይቅም።

በመጨረሻ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ቢልም፣ የምንራመድበት መንገድ ላይ ሦስት የመንገድ መብራቶች ከጠፉ ቆይተዋል። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጨለማ ነው፣ ውሻም አለ። ይሄ እናንተን ካልተመለከተ ለሚመለከተው አስተላልፉልን፤ እናንተ ማስተላለፍ ታውቁበታላችሁ።

የፊታችን ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፌስታሉን ይዤ እመጣለሁ። ሁለት እህቶችም አብረውኝ ይመጣሉ፣ አንደኛዋ ልብስ ሰፊዋ ናት። ሦስቱ ጠርሙሶችና የሻይ ፓኮው እንዳሉ ናቸው፣ የላጥኳትም ወረቀት ክዳኑ ላይ ተለጥፋ አለች። የትኛው መስኮት ላይ እንደምንቆም ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣

የማለዳ ተራማጅ ሴቶች ቡድን አስተባባሪ፣ ጡረታ የወጣሁ ነርስ
ድሬዳዋ